የገነት መርማሪ በአስተዳዳሪ ወንበር
ስለ ባርትሌት ጂያማቲ ድርሰቶችና ሹመት

አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ከመማሪያ ክፍሉ ተነሥቶ ለታላቅ አስተዳደር ሲሾም በሰው ዘንድ ሁለት ዓይነት ሐሜት ይነሣል። አንደኛው ወገን «ሰውየው ባለቅኔዎችን ሲያነብ የኖረ ስለ ሆነ የሒሳብና የደብዳቤ ነገር አያውቅም፤ መሥሪያ ቤቱ ይበደልበታል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ወንበሩ ብዕሩን ያደርቅበታል፤ ከእንግዲህ ወዲያ ከፊርማ በቀር የሚጽፈው የለም» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ሐሜቶች ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፉታል። ይኸውም፤ ሰውየው ከመሾሙ በፊት ያነበበውና የጻፈው ነገር ከተሾመ በኋላ በሚሰጠው ፍርድ ውስጥ ይገኛልን? ወይስ የሹመቱን ካባ በለበሰበት ቀን መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ ላይ ትቶ ሄዷል? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር አሜሪካዊው ሊቅ አንጄሎ ባርትሌት ጂያማቲ እጅግ የሚመቹ ምሳሌ ሆነው አግኝተናቸዋል። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ስለ ገነት የጻፉ፤ በጎልማሳነታቸው ታላቅ ዩኒቨርሲቲ የመሩ፤ በመጨረሻም የሀገራቸውን ታላቅ የኳስ ጨዋታ የዳኙ ናቸው። የሦስቱም ዘመን ጽሑፎች በእጃችን ስላሉ ማስተያየት እንችላለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

ጂያማቲ በ1938 ዓመተ ምሕረት በቦስተን ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ከደቡብ ኢጣሊያ፤ ከኔፕልስ አካባቢ ተሰደው ኒው ሄቨን በምትባለው የአሜሪካ ከተማ የሰፈሩ ሰው ነበሩ። አባታቸው ግን በዚያችው ከተማ በሚገኘው በዬል ዩኒቨርሲቲ ተምረው፤ በማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ የኢጣሊያ ቋንቋ መምህር ለመሆን በቁ፤ የዳንቴንም መጻሕፍት በፍቅር የሚሰበስቡ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ያደገው ዳንቴ እንደ ቤተ ዘመድ በሚጠራበት ቤት ነው ለማለት ያስደፍራል። ጂያማቲም በአባታቸው እግር ተተክተው በ1960 ከዬል የመጀመሪያ ዲግሪ፤ በ1964 የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ፤ በፕሪንስተን ጥቂት ጊዜ ካስተማሩ በኋላም በ1966 ወደ ዬል ተመለሱ። በዚያው ዓመት ስማቸውን ያስጠራው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ታተመ።

«ምድራዊ ገነትና የተሐድሶ ዘመን የጀግንነት ቅኔ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ይህ መጽሐፍ ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ተነሥቶ እስከ ሚልተን ድረስ ባለቅኔዎች የሣሉትን የአትክልት ሥፍራ ሁሉ ይመረምራል። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ሰው የጠፋበትን ሰላምና አንድነት ስለሚናፍቅ ባለቅኔው ምንጩ የማይነጥፍ፤ ቅጠሉ የማይረግፍ ገነት ይሥልለታል። ነገር ግን በተሐድሶ ዘመን ባለቅኔዎች ዘንድ ይህ ገነት አብዛኛውን ጊዜ ወጥመድ ነው። በአሪዮስቶ ድርሰት የጠንቋይቱ የአልቺና ደሴት፤ በታሶ ድርሰት የአርሚዳ አትክልት፤ በእንግሊዛዊው በስፔንሰር ድርሰት ደግሞ የአክራዝያ የደስታ ዳስ፤ ሁሉም ገነት መስለው ጀግናውን ሥራውን የሚያስረሱ፤ ወንድነቱን የሚሰልቡ ሥፍራዎች ናቸው። በመምሰልና በመሆን መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ የዚህ ሊቅ የዕድሜ ልክ ጥያቄ ሆነ።

የመጽሐፉ ብልጫ ከትዕግሥቱ የመጣ ነው። ደራሲው የአንዱን ባለቅኔ አትክልት ከሌላው አትክልት ጋር አበባ ባበባ፤ ምንጭ በምንጭ እያስተያዩ፤ አንዲት ዛፍ ከአንዱ ግጥም ወደ ሌላው ስትሻገር ምን እንደ ተለወጠባት ያሳዩናል። በጨረፍታ ለሚያነብ ሰው ይህ አሰልቺ ይመስላል፤ ቅኔ ቤት ገብቶ የአንዲትን ቃል ምሥጢር ሲያመላልስ የዋለ ተማሪ ግን አይሰለችም። በ1975 ስለ ስፔንሰር «የተረት ንግሥት» ያሳተሙት ሁለተኛው መጽሐፋቸው እንዲያውም ርእሱ ራሱ ስለ ድርብ ፍቺ ጨዋታ የሚናገር ነው፤ የኛ ሰው ኅብር ወይም ሰምና ወርቅ ቢለው እምብዛም ከነገሩ አይርቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ጂያማቲ ከመረመሯቸው ባለቅኔዎች ሁለቱ ምድራዊ ገነትን ከሀገራችን ጋር አያይዘው ጽፈዋል። አሪዮስቶ የመጨረሻ መልኩን በ1532 በያዘው ታላቅ ድርሰቱ እንግሊዛዊውን መስፍን አስቶልፎን በክንፋም ፈረስ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣዋል። በዚያ ሴናፖ የሚባል ክርስቲያን ንጉሥ አለ፤ ሀብቱ ተቆጥሮ የማያልቅ ሲሆን፤ ገነት ያለችበትን ተራራ በጦር ለመያዝ በመታበዩ ዓይኑ ጠፍቶ፤ ምግቡንም ክንፋም አራዊት ከገበታው ላይ እየነጠቁበት በረኃብ ይሠቃያል። አስቶልፎ አራዊቱን አባሮለት ወደ ተራራው ጫፍ ይወጣል፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም በዚያ በገነት ይቀበለዋል። ሚልተን ደግሞ በ1667 በታተመው «የጠፋው ገነት» በአራተኛው ክፍል፤ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበትን የአማራ ተራራ ያነሣና፤ ይህን አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ነው ቢሉትም ከኤደን ጋር የሚወዳደር አይደለም ይላል። ይህ ወሬ የመነጨው ከአምባ ግሼን ታሪክ ነው። አምባ ግሼን ግን ለአውሮፓ ባለቅኔ ገነት ይምሰል እንጂ በውስጡ ለተዘጉት መሳፍንት ግዞት ቤት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ገነት፤ ከውስጥ ሲኖሩበት ግን አጥር! ይህን ማስተዋል ከኋላ ለምናነሣው ጉዳይ ይጠቅመናልና አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ወደ ሹመቱ እንመለስ። በ1977 መገባደጃ የዬል ባለአደራዎች ጂያማቲን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ከዚያ አስቀድሞ ስማቸው ሲነሣ፤ እርሳቸው ፕሬዚዳንት መሆን የሚመኙት የአሜሪካን ሊግ ለሚባለው የቤዝቦል ማኅበር ብቻ እንደ ሆነ ተናግረው ሰውን አሥቀው ነበር። በሐምሌ 1978፤ በ40 ዓመታቸው፤ ሥራውን ሲረከቡ ለዩኒቨርሲቲው ሰዎች ያስተላለፉት የመጀመሪያ ማስታወሻም ቀልድ ነበረ። የቀደሙ አባቶቻችንን ውድቀት ለመጠገን ሲባል ከእንግዲህ ወዲህ ክፋት እንዲቀር፤ ገነትም ተመልሶ እንዲቆም በዩኒቨርሲቲው ደንብ መወሰኑን የሚገልጽ ነበር፤ ለዚህም ሚልተንን በምስክርነት ጠርተዋል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ብቻ አንብቦ አልፎታል። እኛ ግን በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ከቀልድ የበለጠ ነገር አለ እንላለን። ቀልዱ የሚያሥቀው ሹመት ክፋትን ማስቀረት እንደማይችል ተናጋሪውም ሰሚውም ስለሚያውቁ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመታት ሐሰተኛ ገነቶችን ሲያጋልጥ የኖረ ሰው በእጁ የተሰጠውን ሥፍራ ገነት ነው ብሎ እንደማይታለል ለራሱ ምሎ መግባቱ ነበር። መሐላው ተጠብቋል ወይስ ተጥሷል? የሚለውን ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

የተረከቡት ቤት ገነት እንዳልነበረ ግልጽ ነው። በ1701 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ወጪው ከገቢው በልጦ፤ የብዙዎቹም ሕንፃዎች ጥገና ከዓመት ወደ ዓመት ሲዛወር የቆየ ነበር። «የሥነ ጽሑፍ ሰው ሒሳብ አያውቅም» የሚለው ሐሜት እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ጂያማቲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጪና ገቢውን አስተካክለዋልና። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ መናገር አያስፈልግም። ብልህ ነጋዴም ይህን ማድረግ ይችል ነበር።

ነጋዴ ሊያደርገው የማይችለው ንግግሮቻቸውን ነው። በ1981 የታተመው «ዩኒቨርሲቲና የሕዝብ ጥቅም» እና ከሹመታቸው ከወረዱ በኋላ የወጣው «ነጻና ሥርዓት ያለው ሥፍራ» የሚባሉት መጻሕፍት አብዛኛውን የተሰበሰቡት ከእነዚህ ንግግሮች ነው። ከሁሉም የሚበልጠው በነሐሴ 1981 መጨረሻ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ያደረጉት ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ «የግብረ ገብ ብዙኃን» የሚል ስም የያዘ የሃይማኖትና የፖለቲካ ማኅበር በርትቶ ነበር። ጂያማቲ ይህ ወገን ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ያለውን ሁሉ ሥነ ምግባር እንደሌለው አድርጎ በማስፈራራት ሕዝቡን ለማስገደድ ይፈልጋል ሲሉ በግልጽ ተቃወሙት። የሰፊ ዕውቀት ትምህርት ዓላማው ተማሪው ልዩ ልዩ ሐሳብን በትዕግሥት መስማትና መመዘን እንዲችል ነው፤ አንዲት ቀጥተኛ መንገድ ብቻ አለች የሚል ሰው ለዩኒቨርሲቲም ለሀገርም ጠላት ነው የሚል መልእክት ነበረው። ንግግሩ በሀገሪቱ ጋዜጦች ሁሉ ተወራ፤ ሙገሳም ስድብም አመጣ።

በዚህ ንግግር ውስጥ የገነት መርማሪው ድምፅ ይሰማል። የስፔንሰር አንባቢ ውብ ቃል የክፉ ነገር ልብስ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ጂያማቲ ከማኅበሩ ስም ጀምረው «ግብረ ገብ» የሚለውን ቃል ገለጥ አድርገው ውስጡን ለተማሪዎቹ አሳዩ። በአንድ ዐውደ ምሕረት ላይ ሆኖ የአርሚዳን አትክልት ማጋለጥ ማለት ይህ ነው። ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ንግግር ተማሪ ሊማር የሚችለው የንባብ ዘዴ ቢኖር ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ነገር ግን ከንግግሮቹ ብዙዎቹ ይህን ያህል አይደሉም። ጂያማቲ ከባድ ቃላትን ሦስት ሦስት እያደረጉ መደርደር ይወዳሉ፤ ሥርዓት፤ ነጻነት፤ ሥልጣኔ የሚሉት ስሞች እንደ ቤተ መንግሥት ዘበኞች ተሰልፈው ያልፋሉ፤ አንባቢም ሰልፉን አድንቆ የተጠበቀው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቀራል። በ1966ቱ መጽሐፍ ላይ ያለው አበባ ባበባ መቁጠር እዚህ የለም። የሹመት ወንበር ብዕርን ያደርቃል የሚሉት ወገኖች እንግዲህ ተሳስተዋል፤ ወንበሩ ብዕሩን አላደረቀም፤ አሰባው እንጂ። በ1984 «ስደትና ለውጥ በተሐድሶ ዘመን ሥነ ጽሑፍ» የሚል የምርምር መጽሐፍ ማውጣታቸው እውነት ነው። ያም ሆኖ በዋናው ከዚያ በፊት በተጻፉ ጥናቶች የተሞላ በመሆኑ የፕሬዚዳንቱ ሳይሆን የመምህሩ መጽሐፍ ነው።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በዚያው በ1984 ነው። የዬል ጸሐፊዎች፤ የመዝገብ ቤትና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፤ የቤተ ሙከራ ረዳቶች፤ ቁጥራቸው ወደ 2,600 የሚጠጋ፤ አብዛኞቹም ሴቶች፤ ማኅበር አቋቁመው ስለ ደመወዛቸው ጥያቄ አቀረቡ። የክርክራቸው ልብ ሴቶች በብዛት የሚሠሩት ሥራ ከወንዶች ሥራ ጋር በዕውቀትና በኃላፊነት ቢመዛዘንም ክፍያው ያነሰ ነው የሚል ነበር። ስምምነት ስላልተገኘ በመስከረም ወር መጨረሻ ሥራ አቆሙ። አድማው አሥር ሳምንት ቆየ። የጥገናና የወጥ ቤት ሠራተኞች ማኅበርም ከእነርሱ ጋር ስለ ተባበረ የተማሪዎች የምግብ አዳራሾች ተዘጉ፤ ብዙ መምህራንም የአድማውን ሰልፍ ላለማቋረጥ ሲሉ ትምህርታቸውን ከግቢው ውጭ፤ በአብያተ ክርስቲያናትና በቴአትር ቤቶች ሰጡ። ሠራተኞቹ በታኅሣሥ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ በጥር 1985 ደመወዛቸውን በሚታይ መጠን ከፍ ያደረገ ውል ተፈረመ።

ጂያማቲ በዚህ ጉዳይ ላይ በዙሪያቸው የነበሩትን ብዙ ወዳጆች አሳዘኑ። ዩኒቨርሲቲ የማያቋርጥ የውይይት ሥፍራ ነው ብለው በየመድረኩ የሚያስተምሩ ሰው፤ ከገዛ ጸሐፊዎቻቸው ጋር በነበረው ውይይት ላይ እጅግ የቀዘቀዙ ሆነው ታዩ። ስለ አስተዳደራቸው አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የግል ሀብታቸው አልነበረም፤ ያስተካከሉትን ሒሳብ እንደገና ማፍረስ ፈርተዋል፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። እኛ የምንወቅሳቸው ግን በሒሳቡ አይደለም፤ በንባባቸው ነው።

ባለቅኔዎቹ የሣሏቸው ሐሰተኛ ገነቶች አንድ ምልክት አላቸው፤ በውስጣቸው ሥራ የሚሠራ ሰው አይታይም። በአልቺና ደሴት ፍሬው ማንም ሳይኮተኩተው ይበስላል፤ ገበታው ማንም ሳያቀርበው ይሞላል። የሚልተን ኤደን ግን እንዲህ አይደለችም። አዳምና ሔዋን ከጠዋት እስከ ማታ ቅርንጫፍ ይገርዛሉ፤ ሐረግ ያቃናሉ፤ ሥራው ከእጃቸው በላይ ስለ ሆነባቸው ሔዋን በዘጠነኛው ክፍል ተከፋፍለን እንሥራ የሚል ሐሳብ ታመጣለች፤ የታሪኩም መዞሪያ የሚሆነው ይህ ስለ ሥራ ክፍፍል የተደረገ ክርክር ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም ሰው በገነት የተቀመጠው ሊሠራባትና ሊጠብቃት መሆኑን ይነግረናል። እንግዲህ እውነተኛው ገነት ከሐሰተኛው ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ የሠራተኛው እጅ መታየቱ ነው ማለት ነው። ይህን ልዩነት ከጂያማቲ የበለጠ ሊያውቅ የሚገባው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ስለ ዩኒቨርሲቲ በጻፏቸው ገጾች ውስጥ መምህሩ አለ፤ ተማሪው አለ፤ የቀድሞ ተማሪው አለ፤ መስኮቱን የሚወለውለው፤ መዝገቡን የሚጽፈው ግን እንደ አልቺና ደሴት አገልጋይ የማይታይ ነው። አምባ ግሼንን ከሩቅ እንዳየው ባለቅኔ፤ ፕሬዚዳንቱም ግቢያቸውን ከከፍታው ላይ ሆነው ስላዩት አጥሩ አልታያቸውም።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። በሚያዝያ 1986 ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከሚነግዱ ኩባንያዎች እንዲያወጣ ለመጠየቅ በአንዱ አደባባይ ላይ የአፍሪካውያንን መንደር የሚመስሉ ጎጆዎች ሠርተው በዊኒ ማንዴላ ስም ጠሯቸው። አስተዳደሩ አፈረሳቸው፤ ተማሪዎችም ታሰሩ፤ ብዙ ቀን ሳይቆይ ግን ጎጆዎቹ እንደገና እንዲቆሙ ተፈቀደ። የስፔንሰር ጀግና ጋይን የአክራዝያን ዳስ ያፈረሰው ሐሰተኛ ውበት ስለ ነበረበት ነው። እነዚህ ጎጆዎች ግን ማንንም ለማታለል አልተሠሩም። አስቀያሚነታቸው ራሱ መልእክታቸው ነበር። እርሱን ለማንበብ ደግሞ የዶክተርነት ማዕርግ አያስፈልግም።

ጂያማቲ በዚያው በ1986 የፕሬዚዳንትነቱን ሥራ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለምሁራን ጉባኤ እንግዳ ነበር። የቀለዱት ቀልድ ደረሰባቸውና የቤዝቦል ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የተመኙት የአሜሪካን ሊግ ሳይሆን ሌላው፤ ናሽናል ሊግ የሚባለው ነው እንጂ። በሚያዝያ 1989 ደግሞ የሁለቱም ማኅበራት የበላይ ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ ባልደረቦቻቸው ይህን እንደ ውርደት ቆጠሩት። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ምክንያቱንም እንናገራለን።

ቤዝቦል ለኛ አንባቢ እንግዳ ጨዋታ ስለ ሆነ ጥቂት እንግለጠው። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ተጫዋች በዱላ መትቶ ይሮጣል። የሚሮጠውም «ቤት» ከሚባል ሥፍራ ተነሥቶ በሦስት ማረፊያዎች ዞሮ ወደዚያው «ቤት» ለመመለስ ነው። ተመልሶ ከገባ ነጥብ ይቆጠርለታል፤ በመንገድ ላይ ከተያዘ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ሜዳው አረንጓዴ ሣር፤ ዙሪያው የታጠረ ነው። ገነት የሚለው የኛ ቃል ከዕብራይስጡና ከሱርስቱ የአትክልት ስም ጋር የሚዛመድ ሲሆን፤ ፈረንጆቹ ገነትን የሚጠሩበት ቃል ደግሞ ከጥንት ፋርስ የመጣ፤ ፍቺውም የታጠረ ሥፍራ ማለት ነው። የጂያማቲ ዓይን ይህን ሜዳ ሲያይ ምን እንዳስታወሰው ለመገመት አያዳግትም።

በናሽናል ሊግ ሳሉ በ1987 አንድ ጉዳይ ቀረበላቸው። ኬቪን ግሮስ የሚባል የፊላደልፊያ ቡድን ኳስ ወርዋሪ የብርጭቆ ወረቀት በጓንቱ ላይ አጣብቆ ተገኘ፤ ኳሱን ሻካራ አድርጎ አካሄዱን ለማጣመም ይጠቅማል። አሥር ቀን ከጨዋታ ታግዶ ይግባኝ ቢል ጂያማቲ ይግባኙን ውድቅ አድርገው ምክንያታቸውን በጽሑፍ ሰጡ። በጨዋታ መካከል የሚነሣ ጠብ፤ ክፉ ቢሆንም፤ ከፉክክሩ ትኩሳት የሚወለድ ነው፤ ማጭበርበር ግን በቀዘቀዘ ልብ ታስቦ የሚደረግ፤ ተወዳዳሪዎች ሁሉ በአንድ ደንብ ሥር ናቸው የሚለውን የጨዋታውን መሠረት የሚንድ ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ሊቀጣ ይገባል የሚል ነበር። ከፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን ጽሑፎች ሁሉ ይህችን የፍርድ ጽሑፍ እናስበልጣለን። ቃላቱ አልተሰለፉም፤ እያንዳንዱ ሐረግ ሥራ አለው። አንዲት ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው፤ እንደ ድሮው አበባ ባበባ እየቆጠሩ፤ በመምሰልና በመሆን መካከል ያለውን ልዩነት እንደገና አሳዩ። ሊቁ የጠፋው በዬል ከፍታ ላይ ነበር፤ የተገኘውም በጓንት ውስጥ ነው።

ኮሚሽነር ሆነው የቆዩት አምስት ወር ብቻ ነው። በዚያ ዘመን በብዙ ሚሊዮን አሜሪካውያን የሚወደደው፤ በታሪክ ከማንም ተጫዋች በላይ፤ 4,256 ጊዜ፤ ኳስ በትክክል የመታው ፒት ሮዝ፤ የሲንሲናቲ ቡድን አሠልጣኝ ሳለ በቤዝቦል ጨዋታ ላይ ቁማር ተጫውቷል ተብሎ ተመረመረ። በነሐሴ 24 ቀን 1989 ጂያማቲ ሮዝ ከጨዋታው ለዘለቄታው መወገዱን አስታወቁ። ከስምንት ቀን በኋላ፤ በመስከረም 1 ቀን፤ በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ልባቸው ቆሞ በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ሮዝ ለብዙ ዓመት ካደ፤ በ2004 በመጽሐፍ አመነ፤ በ2024 ከሞተ በኋላም በ2025 በዚያን ጊዜ የነበረው ኮሚሽነር ስሙን ከተወገዱት መዝገብ አወጣ። ስለ ቅጣቱ ልክ አሜሪካውያን ገና ይከራከራሉ፤ እኛ በዚህ አንገባም።

ከሞታቸው በኋላ በ1989 የወጣው ትንሽ መጽሐፍ «ለገነት ጊዜ ይኑራችሁ» የሚል ሐሳብ ያለው ርእስ ይዟል፤ የሚናገረውም ስለ አሜሪካውያንና ስለ ጨዋታቸው ነው። ሦስት ምዕራፎች አሉት። ሁለተኛው፤ ስለ ከተማና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የሚናገረው፤ ከሁሉ የደከመ ነው፤ የፕሬዚዳንቱ ሰልፈኛ ቃላት እዚያ ተመልሰው መጥተዋል። ሦስተኛው ግን ቤዝቦልን እንደ ትረካ ያነብበዋል። ከቤት ወጥቶ በአደገኛ መንገድ ዞሮ ወደ ቤት ለመመለስ የሚታገለው ሯጭ የሆሜር ኦዲሴዩስ፤ የአሪዮስቶም ተቅበዝባዥ ባላባት ዘመድ ሆኖ ይታያል። «ቤት» ለምን እንጂ ለምን «አራተኛ ማረፊያ» አልተባለም? ብለው ጠይቀው በዚህች አንዲት ቃል ላይ ብዙ ገጽ ይቆያሉ። ከየቦታው ተሰዶ የመጣ ሕዝብ፤ የራሳቸው አያት እንደ መጡት የመጣ፤ ስለ ቤት መመለስ የሚናገር ጨዋታ ለምን እንደ ወደደ በዚያ ይገባናል።

ተማሪዎቻችን ጂያማቲን ለማወቅ ቢፈልጉ ከዬል ንግግሮች እንዲጀምሩ አንመክርም። በ1966ቱ መጽሐፍ ስለ ስፔንሰር የደስታ ዳስ የተጻፈውን ምዕራፍና በ1998 በታተመው የቤዝቦል ጽሑፎቻቸው ስብስብ ውስጥ የሚገኘውን የግሮስን ፍርድ ጎን ለጎን አድርገው ቢያነቡ ይበቃቸዋል፤ የመጀመሪያው አምሳ፤ ሁለተኛው ጥቂት ገጽ ቢሆን ነው።